የጋሼ ሁለገብ ጉርድ ፎቶ

በሰፈሩ እሷን የማያውቅ አልነበረም፤ ስሟን የሚያውቅ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ፎቶ ቤቷ ገብቶ ወንበሯ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ከአፏ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል «ቀና በሉ!» ስለሆነ እሱው ስሟ ሆኖ ቀረ። «ቀና በሉ ጋ ሄጄ ጉርድ ፎቶ ልነሣ» ይላል ሰው። «ቀና በሉ ዛሬ አልከፈተችም እንዴ?» ይባባላል። መንገድ ላይ ከሩቅ «ቀና በሉ!» ብለው ሲጠሯት አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ ደንግጦ ቀና ይላል፤ እሷም ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

ዕድሜዋ ሃምሳን ዘለል ብሏል። አጠር ብላ ሞላ ያለች፣ ስትራመድም ስትናገርም ፈጣን ሴት ነች። መነጽሯ ዘወትር ግንባሯ ላይ ነው፤ ዘወትርም ትፈልገዋለች። ፎቶ ቤቱ የአጎቷ ነበር። የገዛ ልጆቹ የፎቶ ማጠቢያው ሽታ ራሳችንን ያመናል ብለው ሲሸሹ፣ እሷ በልጅነቷ ገብታ እዚያው ጸጉሯ ሸበተ። ከመንገድ የሚታየው መስኮት በሙሽሮች፣ በተመራቂዎችና ጥርስ ባላወጡ ሕፃናት ፎቶ ተሞልቷል። ከመስኮቱ ኋላ መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ኋላ ሐይቅ የተሣለበት ትልቅ ጨርቅ፣ ከጨርቁ ፊት ወንበር፣ ከወንበሩ ፊት በሦስት እግሩ የቆመ ካሜራ። ከዚያ ወዲያ ያለችው ጨለማ ክፍል ሁለት ሰው ከገባባት አንደኛው ትንፋሹን ይዞ መቆም ያለበት ዓይነት ጠባብ ናት።

ሙያዋን ታውቀዋለች። መንገድ ላይ ተጣልተው የመጡ ባልና ሚስትን ከትከሻቸው አቋም ታውቃቸዋለች፤ ባልየውን «እስቲ ለስላሳ ገዝተው ይምጡልኝ» ብላ ትልከውና እስኪመለስ ሚስቲቱን ታስቃታለች። የሚያለቅስ ሕፃን ካለ የቁልፍ ዘለላዋን ከእጇ ትጥላለች፤ ሕፃኑ ድምፁን ፍለጋ ዓይኑን ሲያፈጥ ጠቅ ታደርገዋለች። ባለሥልጣን ሲመጣ ስለ ልጅነቱ ትጠይቀዋለች። እንዲህ እንዲህ እያለች የሰፈሩን ፊት በሙሉ አንድ በአንድ አጥምዳለች።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ተሳፋሪው ቀስ ብሎ በመንዳቱ «አባ ፍሬን» ብሎታል። አመሻሽ ላይ ከጠረጴዛቸው ግራና ቀኝ ተቀምጠው እሱ የተሳፋሪውን፣ እሷ የፎቶ ተነሺውን ወሬ ይቀባበላሉ።

«እስካሁን አሸንፎኝ የሄደ ፊት የለም» ትለዋለች ሻይዋን እያማሰለች።

«አትፎክሪ፤ መንገዱ ገና ነው» ይላታል እሱ።

እውነትም መንገዱ ገና ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አንዲት ረጅም፣ ቀጭን ሴት በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። አንገቷ ላይ የልብስ መለኪያ ሜትር ተጠምጥሟል፤ የቀሚሷ ደረት ላይ ክር እንደተንጠለጠለባቸው መርፌዎች ተሰክተዋል። የቲያትር ቤቱ የአልባሳት ክፍል ኃላፊ ነች። በደረቷ መርፌዎች ይሁን በምላሷ፣ ተዋናዩ ሁሉ «እትዬ መርፌ» ነው የሚላት።

«እህቴ፣ ባሌን ፎቶ እንድታነሺልኝ ነው የመጣሁት» አለች ገና ሳትቀመጥ።

«ደስ ይለኛል። የት አሉ?»

«እሱን ብናውቅማ መች ቸገረን!» ብላ ከቦርሳዋ ብዙ ፎቶዎች አወጣችና ጠረጴዛው ላይ እንደ ካርታ ትዘረጋቸው ጀመር።

ቀና በሉ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። አንደኛው ፎቶ የወረቀት ዘውድ የደፋ ንጉሥ ነው። አንደኛው ዓይነ ስውር ለማኝ። አንደኛው ቦርጩ ከቀበቶው የተረፈ ነጋዴ። አንደኛው የልብ ማዳመጫ ያንጠለጠለ ሐኪም።

«እኚህ አሮጊት እናታቸው ናቸው?» አለች ሻሽ ያሰሩ፣ አፋቸው የተጨማደደ ሴትዮ ላይ ጣቷን አኑራ።

«እሱ ነው።»

«ንጉሡስ?»

«እሱ ነው። ሁሉም እሱ ነው። ከዚህ ሰውዬ ጋር ኖሬ፣ ልጆች ወልጄ፣ ልጆቹን ድሬያለሁ። የንጉሥ ፎቶ አለኝ፤ የለማኝ አለኝ፤ የሌባም አለኝ። የባሌ ፎቶ ግን የለኝም።»

«የሠርጋችሁስ?»

«እሱን አታንሺብኝ!» አለች እትዬ መርፌ። «ፎቶ አንሺው ሲያነጣጥር የሚዜውን ፊት አስመስሎ ቆመልሻ! እስከ ዛሬ አልበሙን የሚያይ እንግዳ ሁሉ 'ያገባሽው ሚዜውን ነው እንዴ?' ይለኛል።»

ባልየው ጋሼ ሁለገብ ነው። በከተማው ይህን ስም ያልሰማ የለም። ተውኔቱን የሚጽፈው እሱ፣ የመድረኩን ሥዕል የሚሥለው እሱ፣ መንገድ ዳር የሚለጠፈውን ማስታወቂያ የሚነድፈው እሱ፣ አኮርዲዮኑን የሚጫወተው እሱ። ዋናው ተዋናይ ጉንፋን ከያዘው ልብሱን ለብሶ ይገባለታል። አናጢው ከቀረ መዶሻ ያነሣል። የተዋናዮቹን ጸጉር ሳይቀር በመቀስ ያስተካክላል። «የቀረው ትኬት መቁረጥ ብቻ ነው» ብሎ አንዱ ቢቀልድ፣ «እሱንም ባለፈው ሐሙስ ቆርጧል» ተባለ ይባላል።

አሁን አዲስ ተውኔት ሊከፈት ነው። ሥራ አስኪያጁ በመግቢያው አዳራሽ ግድግዳ ላይ የጋሼን ትልቅ ፎቶ ሊሰቅል ወስኗል። ለእትዬ መርፌ የሰጣት ማሳሰቢያ አንዲት ነበረች፦ «እባክሽ ሰውዬው ራሱ ይሁን፤ ገጸ ባሕርይ እንዳይሆንብን።»

«ተይው ለእኔ» አለች ቀና በሉ። በልቧም፣ ይሄስ ምን አላት፣ አለች።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ሁለገብ ትልቅ ከረጢት አንጠልጥሎ ከች አለ። መልከ ቀና፣ ረጅም ሰው ነው፤ ጸጉሩ ነጭ ጥጥ መስሏል፤ ጣቶቹ ላይ የሦስት ቀን ቀለም አለ። ከረጢቱን ወለሉ ላይ ሲያፈስሰው ባርኔጣ ብቻ ሆነ።

«እሺ እመቤቴ፣ ማንን ላምጣልሽ?»

«እርስዎን።»

«እሱማ አሰልቺ ሰው ነው፤ እኔም ብዙ አልቀርበውም።»

ወንበሩ ላይ አስቀመጠችውና ከካሜራው ኋላ ቆመች። «ቀና በሉ!» ብትለው እንደ ወታደር ገተር አለ፤ ጢም ሳይኖረው ጢሙን የጠመዘዘ መሰላት። «ትንሽ ዘና ይበሉ» ስትለው ወዲያው የሰከረ ሰው ሆኖ ከወንበሩ ሊንሸራተት ደረሰ። ከሳቅ ብዛት ካሜራውን አናወጠችው።

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ ምንም አይሁኑ!»

«ምንም መሆን ከባድ ሚና ነው እኮ፤ ልምምድ ይጠይቃል» አለና ዓይኑን አጉረጥርጦ ደረቅ ግንድ ሆነ።

የምታውቀውን ዘዴ ሁሉ አወጣች። ቁልፉን ከእጇ ብትጥለው መሬት ሳይነካ ቀለበው። ስለ ልጆቹ ብትጠይቀው እያንዳንዳቸውን በየፊታቸው አስመስሎ አሳያት፤ የመጨረሻዋ ልጁ ስታኮርፍ እንዴት እንደምትሆን ሲያሳያት ቀና በሉ እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ግንባሩ እንዳያብረቀርቅ ብላ ፓውደር ብትሰጠው፣ ተቀብሎ በራሱ ጣት ጉንጩን አጎደጎደና ረሀብተኛ ሆኖ ቁጭ አለ። ፊልሙ አለቀ።

ፎቶዎቹ ታጥበው ጨለማው ክፍል ውስጥ በገመድ ላይ ሲሰጡ፣ አንድ መንደር ሰው ተሰልፎ ነበር፤ ወታደር አለ፣ ሰካራም አለ፣ ቀበጥ አለ። ጋሼ ሁለገብ ብቻ የለም።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ለባሏ ነገረችው።

«አላልኩሽም?» አለ አባ ፍሬን። «አሁን ዳገቱ ጀመረ። ማርሽ ቀይሪ።»

ማርሽ ልትቀይር ካሜራዋን ይዛ ወደ ቲያትር ቤቱ ሄደች። እዚያን ቤት ከረገጠች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ ጎረቤት ሁሉ አዲስ ተውኔት ተከፈተ ብሎ ሲጎርፍ እሷ ሁልጊዜ አንድ ሰበብ ታገኝ ነበር። በኋላ በር ስትገባ የሙጫና የእርጥብ ቀለም ሽታ ተቀበላት። ጋሼ ሁለገብ መሰላል ላይ ወጥቶ ደመና ይሥላል፤ ብሩሹን ከጥርሱ ወደ እጁ፣ ከእጁ ወደ ጥርሱ እያመላለሰ ከታች ለቆመችው ተዋናይት ቃለ ተውኔት ያስጠናታል፤ በእግሩ ደግሞ መሰላሉን እየመታ ለሙዚቀኛው ምት ይሰጣል። ካሜራዋን ሲያይ ብሩሹን አፍንጫው ሥር ጣል አድርጎ ጢም አደረገው።

«ተውኩት» አለችና ወደ አዳራሹ ገባች።

ብዙም ሳይቆይ ልምምዱ ተጀመረ። መብራቱ ጠፍቶ መድረኩ ብቻ በራ። ጋሼ ሁለገብ ሹልክ ብሎ መጣና ከኋላ መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ከእሷ ብዙም ሳይርቅ ተቀመጠ። ከምሰሶው ጥግ ቆማ መኖሯን አላወቀም። ተዋናዮቹ የጻፈውን መናገር ሲጀምሩ ወደ ፊት ጋደል አለ። አፉ በትንሹ ተከፈተ። ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ። ተዋናይቱ አንዷን ቃል እሱ እንዳሰባት አድርጋ ስትላት አገጩ ትንሽ ተርገፈገፈ። ባርኔጣ የለ፣ ንጉሥ የለ፣ ሰካራም የለ፤ የሆነ ነገር እስኪሆን ድረስ መጠበቅ ያቃተው፣ ጸጉሩ የሸበተ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

መብራት የለም፤ ፍላሹን ደገነች። ብልጭ!

ጉድ ፈላ። ዋናው ተዋናይ ቃሉ ጠፋው። ተዋናይቱ «እናቴ!» ብላ ጮኸች። ትሪ ይዞ የሚገባው ሰውዬ ትሪውን ከነብርጭቆዎቹ ለቀቀው። ቀና በሉ ፊልሙን እስክታዞር ድረስ ጋሼ ሁለገብ የደነገጠ ድመት ሆኖ ጨርሷል። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ደግሞ በጨለማ ስላነጣጠረች የታየው ከፊቱ የነበረው ወንበር ጀርባ ነው። ወንበሩ እንኳ በደንብ ወጥቷል፤ ቡሎኑ ሳይቀር ይቆጠራል።

ያን ዕለት ልምምዱ ሲያበቃ እትዬ መርፌ በኋላው በር እየሸኘቻት ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም።

«ተናደድሽ?»

«ለምን አልናደድ! አየሁት እኮ! ፊቱን በዓይኔ በብረቱ አየሁት!»

«እኔም ያን ፊት አውቀዋለሁ» አለች እትዬ መርፌ፤ ድምፅዋ ረጋ ብሎ። «ሰው ሲጫወትለት ራሱን ይሆናል። ቤትም ራዲዮ ላይ ድራማ ሲሰማ እንደዚያ ይሆናል። ዓይኔን ከስፌቴ አንሥቼ አየዋለሁ፤ ሲያየኝ ያበላሸዋል።»

ቀና በሉ መንገዱን ሙሉ ይህን አሰበችበት። አንድ ቦታ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ከኋላዋ የመጣ ሰው ሊጋጫት ምንም አልቀረውም። ተመልሳ ሄዳ ከእትዬ መርፌ የአዲሱን ተውኔት ጥቂት ገጾች ተዋሰች።

እቤት ስትደርስ ባሏ ዕቃ ያጥባል። ከጀርባው ቆማ ጮክ ብላ አነበበችለት። የምትናገረው የሰዓት ጠጋኝ ሚስት ናት፤ ባሏ ሞቶ ተጋድሟል፤ ለቀስተኛ ሳይመጣ በፊት ብቻዋን ትወቅሰዋለች። «የሰውን ሰዓት ሁሉ ስታስኬድ ኖረህ፣ የራስህን እንዲህ ሳትነግረኝ ታቆማለህ? ቢያንስ 'ቸኩያለሁ' አትልም?» ትለዋለች። አባ ፍሬን እጁን ውሃው ውስጥ እንደነከረ ዞሮ አያት።

«አንቺ፣ እንዲህ ማንበብ ደግሞ የት ለመድሽ?»

«እኔ እንጃ» አለችና ወረቀቱን አጠፈችው።

ጋሼ ሁለገብ ለሁለተኛ ጊዜ ፎቶ ቤት ሲመጣ ከረጢቱን በር ላይ ተቀበለችው።

«ባርኔጣ እዚህ ይቀራል። ዛሬ የምጫወተው እኔ ነኝ፤ እርስዎ ተመልካች ነዎት። ተመልካች ደግሞ ቁጭ ብሎ ያያል።»

«ወይ ጉድ! ትኬቱ ስንት ነው?» ብሎ እየሳቀ ተቀመጠ።

መብራቱን አስቀድማ አስተካክላለች። ካሜራው በወንበሩ ልክ ተነጣጥሯል፤ ካሜራውን ከሩቅ የሚያስነሣውን ባለ ረጅም ገመድ መጫኛ በግራ እጇ ጨብጣ፣ ወረቀቱን በቀኟ ይዛ፣ ከካሜራው ጎን ቆመች። ጀመረች። መጀመሪያ ድምፅዋ እንደ ማስታወቂያ አንባቢ ደረቀ። ጋሼ ከንፈሩን አብሯት ሊያንቀሳቅስ፣ እጁንም አንሥቶ «እዚህ ጋ እንኳ ትንሽ...» ሊል ሲል፣

«ተመልካች አያቋርጥም!» አለችው።

እጁን አወረደ።

እንደገና ጀመረች። አሁን ወረቀቱን ብዙም አላየችውም። የባሏን ጀርባ፣ ዕቃ ሲያጥብ ሳሙናው እስከ ክርኑ የሚደርሰውን ክንዱን አሰበችና ሰዓት ጠጋኙን እሱ እንደሆነ አድርጋ ተናገረችው። «በሩን እንኳ አልቆለፍክም። ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምቆልፈው። አሁንስ ከውጭ ልቆልፍብህ ነው ወይስ ከውስጥ?» አለች፤ ድምፅዋም ሳታዘው ዝቅ አለ። ቀና ብላ ስታየው ጋሼ ሁለገብ ወደ ፊት ጋደል ብሏል። አፉ ተከፍቷል። ቀለም የነካቸው ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ አርፈዋል። ጨብጣ የያዘችውን ተጫነችው። የካሜራውን ድምፅ አልሰማም። ፊልሙን ማዞር ፈራች፤ ቀስ ብላ፣ እየተናገረች፣ አዞረችው።

ከዚያ አንድ ነገር መጣባት። ጽሑፉ «በሬሳው ላይ ትደፋለች» ይላል። ይህን ስታነብ ሆዷ ውስጥ አንድ ሳቅ ተነሣ። ዋጠችው። ተመልሶ መጣ። ከንፈሯን ነከሰች፤ በአፍንጫዋ ፈነዳ።

ጋሼ ሁለገብ ከእንቅልፍ እንደተቀሰቀሰ ሰው ዓይኑን አርገበገበ። «ምን ሆንሽ? ምን የሚያስቅ ነገር ጻፍኩ? ይሄ እኮ ሰው የሚያለቅስበት ቦታ ነው!»

«እርስዎ ምንም አላጠፉም፤ የእኔ ጉድ ነው!»

«ንገሪኛ!»

ለባሏ እንኳ ያልነገረችውን ነገረችው። ገና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ያ ቲያትር ቤት ለተዋናይነት ፈተና አውጥቶ ነበር። ከቤተሰቧ ተደብቃ ሄደች። ፈታኞቹ በነጭ አንሶላ የተሸፈነ ሬሳ መሬት ላይ አስተኝተው «ባልሽ ነው፤ አልቅሽለት» አሏት። እሪ ብላ አለቀሰች። ዓይኗ ጨለመ፣ ደረቷን ደቃች፣ አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ ሬሳው አስነጠሰ። እሷም አሳዳጊ የበደላት አይደለችምና ከለቅሶዋ ሳትወጣ ቶሎ ብላ፣

«ይማርህ!» አለችው።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከፈታኞቹ አንዱ፣ «ልጄ፣ ለሬሳ ነፍስ ይማር ነው የሚባለው!» አላት። እሷም መሬቱ ተከፍቶ በዋጣት ብላ፣ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ሮጠች። ዳግመኛም አልተመለሰች። ሳምንት ሳይሞላ አጎቷ ፎቶ ቤት ገብታ መጋረጃ መክፈትና መዝጋት ጀመረች።

ጋሼ ሁለገብ አልሳቀም። ዓይኑን አፍጥጦ ያያታል።

«አንሶላው» አለ በመጨረሻ፣ «ጫፉ ላይ ሰማያዊ ስፌት ነበረው?»

«አዎ መሰለኝ።»

«አቧራም ነበረው።»

«አቧራውን እርስዎ በምን አወቁ?»

«አፍንጫዬ ነዋ ያወቀው!»

ከዚያ ጋሼ ሁለገብ ሳቀ። የንጉሥ ሳቅ አይደለም፣ የሰካራምም አይደለም፤ ወንበሩን ይዞ፣ ኮሌታው ተጣሞ፣ አንድ የጎደለች ጥርሱን ሳይደብቅ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ ሳቀ። እሷም እየሳቀች ተጫነች። እጇ መቼ እንዳደረገው እንኳ አላወቀችውም፤ የዓመታት ልማድ ነው።

«አንቺ ነሽ!» አለ ትንፋሹን ሲያገኝ። «ፈልጌሽ ነበር እኮ!»

«እኔን?»

«አንቺ ከወጣሽ በኋላ ፈታኞቹ ተጨቃጨቁ። ሁለቱ 'ይቺን ልጅ አንልቀቃት፣ ሬሳ እንኳ አስነጥሶ ከሚናዋ አልወጣችም' አሉ። እኔን 'ሩጥ፣ ጥራት' አሉኝ። አንሶላዬን እንደለበስኩ አደባባዩ ድረስ ሮጥኩ። ሰው ሬሳ ሲሮጥ አይቶ በየአቅጣጫው ተበተነ! አንዲት ሴትዮ የያዘችውን እንቁላል በሙሉ እግሬ ላይ ጣለችው። አንቺን ግን አጣሁሽ።»

ቀና በሉ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ዘመን ያ አዳራሽ የሳቀው በእሷ ላይ ነው ብላ ስታስብ ኖራለች። ከቲያትር ቤቱ ደጅ በሌላ መንገድ ዞራ ያለፈችበት ጊዜ ብዙ ነው። አሁን በዓይነ ሕሊናዋ የታያት ግን በነጭ አንሶላ እየበረረ ስሟን እንኳ ሳያውቅ «አንቺ ልጅ! አንቺ ልጅ!» የሚል ወጣት ነው። ደግማ ሳቀች።

«ያስነጠስኩት እኔ፣ የተባረርሽው አንቺ» አለ ጋሼ።

«ማን አባረረኝ? በገዛ እግሬ ነው የሮጥኩት። ደግሞስ አልከሰርኩም፤ ሥራዬን እወደዋለሁ።»

«ያስታውቃል» አለ፤ እሷ ግን ካሜራው እየሠራ እንደነበር ገና አልነገረችውም።

ሁለቱ ፎቶዎች በደንብ ወጡ። እትዬ መርፌ መጥታ አየቻቸው። የሚያዳምጥበትን አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደችው፤ ብዙ ቆየች። ጋሼ ሁለገብ በትከሻዋ አሻግሮ ተመለከተ።

«ይሄን ሰውዬ የት ነው የማውቀው?» አለ።

«እኔ ቤት ነው የሚኖረው» አለች ሚስቱ። «ይሄኛው የእኔ ነው፤ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። የሚስቀውን ለሥራ አስኪያጁ ስጡት።»

እንዳለችውም ሆነ።

ጋሼ ሁለገብ ግን በዚህ አላበቃም። በሳምንቱ ፎቶ ቤት ብቅ ብሎ አዲስ የተጻፉ ወረቀቶች ጠረጴዛዋ ላይ አኖረላት። ሰዓት ጠጋኙ ቤት ለለቅሶ የምትመጣ ጎረቤት ጨምሯል፤ ልታለቅስ ተቀምጣ ሟቹ በሕይወት ሳለ የቀለዳት አንድ ቀልድ ትዝ ብሏት የምትስቅ፣ ሳቋም ወደ መበለቲቱ የሚጋባ።

«ተዋናይ ሞልቶልዎታል፤ ለእነሱ ይስጡ» አለችው።

«ሰጥቼ ነበር። የሚስቁ ያስመስላሉ እንጂ አይስቁም። ያን የአፍንጫ ሳቅ የማውቀው አንቺ ጋ ነው።»

«ፎቶ ቤቱንስ ማን ይጠብቅልኛል?»

ነገሩን ለባሏ ስታነሣበት እንደሚቃወም እርግጠኛ ነበረች፤ እንዲያውም ቢቃወም ደስ ባላት። አባ ፍሬን ግን ዳቦውን አኝኮ እስኪጨርስ ካሰበ በኋላ፣

«ሰኞ ሰኞ እረፍቴ ነው፤ እኔ እጠብቃለሁ» አለ።

«ካሜራ ይዘህ አታውቅም!»

«መሪ እይዝ የለ? እሱም ፊት ለፊት አይቶ መጠበቅ ነው።»

ተውኔቱ የተከፈተው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቀና በሉ ከመድረኩ ጥግ ቆማ መሐረቧን ታጥፋለች፣ ትፈታለች። እትዬ መርፌ ከኋላዋ ተንበርክካ የቀሚሷን ጫፍ ትሰፋለች።

«አትንቀጥቀጪ፤ መርፌ ይዣለሁ።»

«ቃሉ ቢጠፋብኝስ?»

«ቢጠፋብሽ ዝም ብለሽ እያቸው። ሰውን ስታይ ነው የኖርሽው።»

ገባች። መብራቱ ዓይኗን ወጋት። ከመበለቲቱ አጠገብ ተቀመጠች፤ መሐረቧን አወጣች፤ አዳራሹ ጭጭ አለ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ባሏ ከነሹፌር ልብሱ ተቀምጧል፤ ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣው። ቆቡን በሁለት እጁ ጨብጧል። ልታለቅስ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ሳቁ ከሆዷ መጣ፤ ልትውጠው ታገለች፤ በአፍንጫዋ አመለጠ። አንድ ሰው ከላይኛው ፎቅ ሳቀ። አንዲት ሴት ሳቀች። መበለቲቱን የምትጫወተው ተዋናይትም ራሷን መቆጣጠር አቅቷት የእውነት ሳቀች፤ በሳቃቸውም መሃል ሁለቱም እያለቀሱ መሆናቸውን ሰው አየ። ጭብጨባው ሲነሣ ቀና በሉ የት እንዳለች ረስታ ነበር።

ሲያበቃ ሕዝቡ ወደ መግቢያው አዳራሽ ፈሰሰ። ትልቁ ፎቶ ግድግዳው ላይ ነው። ጋሼ ሁለገብ ከሥሩ ቆሞ ለተሰበሰበው ሰው ያን የፎቶውን ሳቅ ሊያሳይ ይታገላል፤ ኮሌታውን ያጣምማል፣ ጥርሱን ያወጣል፣ ወደ ላይ አንጋጦ ያስተያያል።

«አልመጣም» ይለዋል አንዱ።

«ቅንድብዎን ትንሽ ዝቅ!» ይለዋል ሌላው።

ንጉሥንም ለማኝንም፣ ሚዜውን ሳይቀር የመሰለ ሰው ራሱን መምሰል አቃተው። እትዬ መርፌ ክንዱን ይዛ «ና እንሂድ፤ በዚህ ሚና አታምርም» እያለች ወሰደችው።

ቀና በሉና አባ ፍሬን በእግር ወደ ቤት ሄዱ። የመድረኩን ኩል አላጠበችውም፤ ሰው እንዲያየው ፈልጋ ነው። እሱ ብዙ ሳይናገር ተራመደ፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ «የሚቀጥለውን ተውኔት መቼ ነው የሚጽፈው?» አለ።

ጻፈው። እሷም ገባችበት፤ ከዚያ በኋላም በነበሩት። ፊት ማንሣቷን ግን አልተወችም። ሰኞ ሰኞ ብቻ ፎቶ ቤቱ በር ላይ በእጇ የተጻፈ ማስታወቂያ ይሰቀላል፦ «የፎቶ ቤቱ ባለቤት ልምምድ ላይ ናት። የቸኮለ ሰው ባሏን ጠይቆ ይነሣ። ጭንቅላት ተቆርጦ ቢወጣ ኃላፊነት አንወስድም።» ሰዉ ግን ሰኞ ሰኞ ይበልጥ ይመጣ ጀመር። አባ ፍሬን ካሜራውን ሲያነጣጥር እንደ መኪናው ቀስ ስለሚል ተነሺው ሁሉ በዚያ መሃል ወሬ ይጀምርለታል፤ ወሬው ደርቶም አንዳንዱ ፎቶውን ሳይነሣ ወደ ቤቱ ይሄዳል።